ዝቅ ያለችው ቅጂ

ሐኪሙ የእናቴን አንገት ዳብሶ ሲጨርስ እጁን ታጠበና ወንበሩን ወደ እኛ አስጠጋ። «እንቅርቱ ወደ ውስጥ እያደገ ነው። መውጣት አለበት» አለ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ለድምፅ የሚያገለግለው ነርቭ የሚያልፈው እንቅርቱን ታክኮ ነው። እንጠነቀቃለን፤ ብዙ ሰው ምንም አይሆንም። አንዳንዴ ግን ድምፅ ይሰልላል። ጨርሶ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ።»

«እግዚአብሔር አለ» አለች እናቴ፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ መልሳ ጠመጠመች። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጠው በሽተኛ ሁሉ «እግዚአብሔር ይማርህ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ» እያለች አለፈች። ቀጠሮው የገና በዓል ካለፈ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት ሆነ።

ድሮም ፈሪ ነኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ከመውረጃዬ አልፌ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥራ ይዤ እንኳን፣ ሾላ ገበያ ስንሄድ ዋጋ የምትጠይቀው እናቴ ነበረች፤ እኔ ዘንቢል ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። በርበሬ ሻጯ «ይቺ ልጅሽ ትናገራለች?» ብላ ስትቀልድ፣ «ለእሷም የምናገረው እኔ ነኝ፤ በአንድ አፍ ሁለት ሰው ነን» ትላታለች። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ቤቱ የሁለታችን ነው። ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ በነበሩት በእነዚያ ዓመታት መብራት በፈረቃ ይመጣና ይሄድ ነበር። ማታ ድንገት ድርግም ሲል እኔ ባለሁበት ደርቄ እቀራለሁ። ያን ጊዜ ከማድ ቤት የእናቴ ድምፅ ይመጣል፦ «አለሁ! አትፍሪ!» ሻማው እስኪገኝ ድረስ የምቆየው በዚያች ቃል ነበር።

ከሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ ግን አዲስ ፍርሃት ያዘኝ። ቢሮ ተቀምጬ ሥራ እየሠራሁ፣ ድንገት ድምፅዋን ለማስታወስ እሞክራለሁ። ጠዋት የሰማሁት ድምፅ፣ ገና ያልጠፋ ድምፅ፣ አልመጣ ይለኛል። ፊቷ ይመጣል፤ የምትለው ቃል ይመጣል፤ ድምፅዋ ግን አይመጣም። አሁን እያለች እንዲህ ከሆንኩ፣ የተዘጋ ቀን ምን ልሆን ነው? መነጽሬን አውልቄ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን እታጠብ ነበር።

አንድ ቀን ጎመን ስትከትፍ ስልኬን ቀስ ብዬ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና መቅጃውን ከፈትኩ። ዓይኗ አያመልጣትም።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ድምፅሽን... እንዲሁ ልቅዳው ብዬ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ለምን?»

ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«አታሟርቺብኝ፣ ልጄ። እኔ በእምነት ነው የምገባው። ድምፁን የሚያስቀርጽ የሚሞት ሰው ነው።»

ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ ወዲያ አልሞከርኩም። ድምፅዋ ቢጠፋ በእኔ ሟርት የጠፋ መስሎ እንዳይሰማኝ ፈራሁ።

ያኔ ነው የዘፈኑ ሸክላ ትዝ ያለኝ።

እኔ ከመወለዴ በፊት፣ እናቴ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ከአንድ ዘፋኝ ኋላ ቆማ ተቀባይ ነበረች። አንዲት ትንሽ ሸክላ ላይ ድምፅዋ ተቀርጿል፤ ከዘፈኑ መሀል ሁለት ስንኝ ብቻዋን ትላለች። ጌታን ስትቀበል ግን፣ በዚያ ጊዜ ብዙ አማኞች ያደርጉት እንደነበረው፣ ያላትን ሸክላ ግቢያችን ድንጋይ ላይ ሰባበረችው። ዘፈን ከቤታችን በዚያው ወጣ፤ እኔ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ከዚያው ሸክላ አንድ ሌላ ግን ታላቅ ወንድሟ ዘንድ ቀርቷል። አጎቴ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሀል፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። «እሷ የራሷን ሰበረች፤ የእኔን ማን ሰጥቷት?» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

የገና ዋዜማ «ጋሼን ልጠይቅ» ብዬ ወጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፔና ሾላ ካለው ሬዲዮ ጠጋኝ የገዛሁት ገመድ ነበሩ። ከፈረንሳይ ሰፈር በኋላ ያለውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ እለቃለሁ፤ ከእነሱ ሌላ ሰው የለም። ነፋሱ ቅጠሉን ባንቀሳቀሰው ቁጥር ዞር እላለሁ። ስመለስ ጨልሞ ቢሆንስ እያልኩ ነበር የምወጣው፤ በዚያ በኩል ጅብ ገና ሳይመሽ እንደሚወጣ ሁሉም ያወራል።

አጎቴ የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁ። «አሃ! ሸክላዬን ኮምፒውተር ልታደርጊያት ነው?»

«ጋሼ፣ ሸክላ በተጫወተ ቁጥር መርፌው ይፍቀዋል። ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ሺህ ጊዜ ቢሰማ አይጎዳም።»

«ምኑ ይጎዳል? ቁጥር እኮ ነው!» አሉ፣ ሻንጣ የምትመስለዋን ማጫወቻ ከአልጋቸው ሥር እየጎተቱ። «ይኸውልሽ፣ እህቴ አፏን ከፍታ ስታዜም አየሩ ተንቀጠቀጠ። ያ መንቀጥቀጥ መርፌ ነካ፤ መርፌው ጫረ። ይቺ ጭረት የእሷ ትንፋሽ ናት። አንቺ ደግሞ ትንፋሽዋን ልትቆጥሪ መጣሽ።»

«በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከአርባ ሺህ ጊዜ በላይ ነው የሚለካው፣ ጋሼ። ጆሮ ልዩነቱን አያውቀውም።»

«የማንን ጆሮ ጠይቀው?»

ስለዚህ ነገር አንብቤ ነበር የሄድኩት። ሸክላ አቧራውን፣ ጭረቱን፣ የመርፌውን ማርጀት ሁሉ ከዘፈኑ ጋር ያሰማል፤ ወደ መሀሉ ሲጠጋ ድምፁ ይሻክራል። ኮምፒውተር የሰማውን አይጨምርም፣ አይቀንስም። ታማኙ እሱ ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሸክላዋን ከልባሷ በሁለት እጄ ቀስ ብዬ አወጣኋት። ጠርዟ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ጀምሯል።

«ስንጥቋ ከመቼ ነው?»

«ከደርግ። አትንኪያት እዚያ ጋ።»

መብራት ግን አልነበረም፤ የዚያ ሰፈር ፈረቃ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተቀምጠን ጠበቅን። አጎቴ ጾማቸውን ስለሆኑ ለእኔ ብቻ ቆሎ አቀረቡ። ብርሃኑ ሲቀንስ በመስኮቱ አያለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ አምፖሉ በራ፤ በራ ማለት ከተቻለ ነው። ክሩ ብርቱካን መስሎ ቀላ፤ ልብራ ልጥፋ ይላል።

«ሰፈሩ በሙሉ ምጣዱን ሰካ» አሉ አጎቴ። «ነገ ገና አይደል! ከአፍታ በኋላ ትራንስፎርመሩ ዱብ ይልና እስከ ነገ ጨለማ ነው።»

ይህን ሲሉ ፍርሃቴ አጣደፈኝ። ዘፈኑ መሀል መብራት ቢሄድ መርፌው ሸክላዋ ላይ ይቆማል። ነገ ልምጣ ብል ነገ በዓል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሆስፒታል ነው። ገመዱን ሰካሁ፤ ፕሮግራሙን ከፈትኩ፤ «አሁን ጋሼ!» አልኳቸው። መርፌውን እሳቸው አሳረፉት፤ እኔ አልደፈርኩም።

መጀመሪያ እንደ እሳት የሚንጣጣ ድምፅ። ከዚያ ሙዚቃው፤ ከዚያ የሰውየው ድምፅ፤ ከኋላው የሴቶች ድምፅ፤ የትኛዋ እሷ እንደሆነች አልለየሁም። ዓይኔ ከአምፖሉ ላይ አልተነሳም። ከዚያ ሌሎቹ ዝም አሉና አንድ ድምፅ ብቻውን ቀረ።

እናቴ ነበረች። ልጃገረድ ሳትሆን እናቴ፤ ከማድ ቤት «አለሁ» የምትለኝ፣ ሾላ ውስጥ የምትከራከርልኝ፣ ያቺው ራሷ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ልጠራው የማልችለው ድምፅ ፊቴ ቆመ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ማይክሮፎን እንደሌለ እያወቅሁ ትንፋሼ አብሮ እንዳይገባ ፈርቼ።

አጎቴ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ሰሙ። «ዛሬ ምነው አረጀችብኝ» አሉ፤ ሳቅ ብለው በመሀረባቸው አፍንጫቸውን ጠረጉ። ሐዘን ነው ያናገራቸው ብዬ አለፍኩት።

ዘፈኑ አለቀ፤ መብራቱም አልጠፋም። ልሄድ ስነሳ ሸክላዋን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ጣሪያዬ ያፈሳል። ቁጥርሽም ትንፋሽዋም አንድ ቤት ይሁኑ።» ልወስድ አልፈለግሁም፤ ስንጥቋ ያሳስበኛል። እምቢ ማለት ግን አልሆነልኝም። እስከ ታክሲው ድረስ በባትሪ ሸኙኝ።

ታክሲው የዋዜማ ታክሲ ነበር። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ በዓል ነው፣ እንቻቻል!» እያለ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ጨመረ። አንዲት ሴትዮ እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች ታቅፋ አጠገቤ ገባች። ጋዜጣውን ደረቴ ላይ በሁለት ክንዴ ከለልኩት። «ሸክላ ነው፣ ቀስ በሉ» ልል ነበር፤ በምትኩ ክንዴን ይበልጥ አጠበቅሁ። ሾላ ስንደርስ ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት ተደፋን። አንድ ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ሰማሁ። ሴትዮዋም ሰምታለች መሰለኝ፤ «እንቁላል ነበር እንዴ፣ የኔ እናት?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ቤት ደርሼ መኝታዬ ላይ ስፈታው ሸክላዋ ለሦስት ተከፍላለች። ደጋግሜ አጠገብ ላጠገብ ገጠምኳት፤ እንደገጠመች አትቆይም።

ቢሆንም ቅጂው አለ። እሱን እያልኩ ተጽናናሁ። ያን ዕለት ፍላሽ ላይም ስልኬም ላይ ገለበጥኩት። እንግዲህ ምንም ይምጣ፣ ድምፅዋ ተርፏል አልኩ።

በማግስቱ ከበዓል ምሳ በኋላ መኝታዬ ላይ ተቀምጬ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ እናቴ ገባች። ላፕቶፑን ልዘጋ ስል እጄን ያዘች።

«ምን የሚያስለቅስ ነገር ነው የምትሰሚው? መዝሙር ነው?»

አልዋሻትም፤ መዋሸትም አልችልበትም። አንዱን ማዳመጫ ሰጠኋት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰማች። ሙዚቃው ሲጀምር ዓይኗ ተከፈተ፤ «ወንድም ጋሼ!» አለች ቀስ ብላ፤ ከማን እንዳገኘሁት ገብቷታል። ሁለቱ ስንኞች ሲደርሱ ፊቷ ምንም አላለም።

«ይቺ ማን ናት?» አለች።

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ።»

«እኔ አይደለሁም።»

እንደ ጴጥሮስ ልትክድ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ዘፈን በመሆኑ አፍራበት፣ ወይም በእኔ ተቆጥታ። «እማዬ፣ ይቅርታ፣ እኔ እኮ—»

«ቆይ። ቃሉ የእኔ ነው። ድምፁ የእኔ አይደለም።» እንደገና እንዳጫውተው በጣቷ አዘዘችኝ። «ተመልከቺ፣ እዚህ ጋ ድምፄ ሊሰበር ምንም አይቀረው ነበር። ቀጭን ነበርኩ፤ ሰውየው ከፍ አድርጎ ጀምሮብኝ በጣቴ ጫፍ ቆሜ ነው የጨረስኩት። ይቺ ሴትዮ ምን ሆናለች? ተቀምጣ ነው የምትዘፍነው።» ትንሽ አሰበች። «ይሄማ የአሁኑ ድምፄ ነው።»

ያን ጊዜ የቀላው አምፖል ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አሮጊቷ ማጫወቻ ጉልበት አጥሯት ቀስ ብላ ዞራለች፤ ቀስ ስትል ድምፁ ሁሉ ወርዷል። የእንጦጦ ሰፈር ምጣድ ሁሉ የእናቴን ወጣትነት ወስዶ የኃምሳ ዓመት ሴት አድርጓታል፤ እኔ ደግሞ የማውቃት እሷን ብቻ ስለሆነ «ራሷ ናት» ብዬ አለቀስኩ። አጎቴ «አረጀችብኝ» ሲሉ ጆሯቸው ነግሯቸው ነበር። ኮምፒውተሩ አንዲት ነገር አልዋሸም። ስህተቱን ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ በታማኝነት፣ ለዘለዓለም ይዞታል።

«ሸክላው የታለ? እንደገና ቅጂው» አለች።

ከአልጋው ሥር አውጥቼ ሦስቱን ቁራጭ አሳየኋት። አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። «እኔ በድንጋይ የሰበርኩትን አንቺ በታክሲ!» መሳቋ ይበልጥ አስፈራኝ። የቀረው አንድ ቅጂ የተሳሳተ ነው፤ ሌላ ሸክላ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ልክ የሆነውን የሚያውቀው ጉሮሮ በቢላ ሥር ይተኛል።

«በፕሮግራሙ ማፍጠን ይቻላል» አልኳት። «ግን ምን ያህል? ልኩን በምን አውቃለሁ?»

እናቴ በሩን ዘጋች። እንቅርቷን በመዳፏ ደግፋ አገጯን ቀና አደረገች። «ቃሉን አልልም» አለች። «ዜማውን ብቻ።» እናም አንጎራጎረች። አንዴ ጀምራ አቆመች፤ ራሷን ነቀነቀች፤ ከፍ አድርጋ እንደገና ጀመረች። እዚያች ሊሰበር የደረሰበት ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ እውነትም ተሰበረ፤ አሳላት። «እዚህ ጋ ነው» አለች እየሳለች። «አንገቴ አይረሳም።»

እየጨመርኩ አጫወትኩላት። «ገና። ገና ናት። ትንሽ። ኧረ በዛ፣ ወፍ አደረግሻት! መልሺ።» እንዲህ ስንባባል ጀንበር ወረደች። በመጨረሻ ጆሮዋን ወደ ላፕቶፑ አስጠግታ ቀረች። ከዚያ ውስጥ የማላውቃት ልጅ፣ ቀጭን፣ የሚቸኩል ድምፅ ያላት፣ ከእኔ የምታንስ፣ ሁለቱን ስንኝ እየተንጠራራች አለቻቸው።

«እሷ ናት» አለች እናቴ። «አቤት፣ ምን ያህል ትፈራ ነበር።»

በቀዶ ጥገናው ቀን አጎቴ ከእንጦጦ ወርደው ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም እንነሳለን፤ ሌላ ሰው ይወጣል። ተመልሰን ስንቀመጥ «ሸክላዬ ደኅና ናት?» አሉኝ።

የቱን ላስቀድም እያልኩ አፌን ስከፍት ስዘጋ ገባቸው። ከዘራቸውን ትክ ብለው አዩ። «እናትም ሰበረች፣ ልጅም ሰበረች። ይህ ዘር ነው!» አሉ፤ ሳቅ ግን አልነበረበትም። ማዳመጫውን አቀበልኳቸው። የተስተካከለውን ሰሙ። መጀመሪያ ስለ ድምፅዋ የሚሉ መስሎኝ ነበር።

«መንጣጣቷ እንኳን አለ» አሉ።

«አላጠፋሁትም፣ ጋሼ።»

«አይ አንተ ቁጥር!» አሉ ለላፕቶፑ። ትንሽ ቆይተው፣ «ይቺን ስልኬ ላይ አድርጊልኝ፤ ያቺን ያረጀችውን ግን አልፈልግም» አሉኝ።

ሐኪሙ ወጥቶ «ደኅና ናት» አለን። ስለ ድምፅዋ ስንጠይቀው ግን «አሁን አይታወቅም። እብጠቱ ይውረድ፤ ወራት ሊወስድ ይችላል» አለ። ስትነቃ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው አየር ብቻ ነበር። «አትናገሪ» አልናት። ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ስይዝ የማን እጅ እንደቀዘቀዘ አልለየሁም።

ቤት ከገባን በኋላ የነበሩት ሳምንታት ጸጥታ ከፈራሁት ሁሉ የከፋ ነበር። በርበሬ ሻጯ ዘንድ ብቻዬን ሄጄ ዋጋ ጠየቅሁ፤ ሁለት ጊዜ አስደግማ ሰማችኝ። እናቴ የሚያስፈልጋትን በእጇ ታሳያለች፤ በሹክሹክታ ሁለት ሦስት ቃል ትላለች፤ ይደክማታል። ማታ ማታ ማዳመጫዬን አድርጌ እሰማ ነበር። የምከፍተው የተስተካከለውን አልነበረም። የተስተካከለችው ልጅ የአጎቴ እህት ናት፤ እኔ አላውቃትም። የምከፍተው ዝቅ ያለችውን፣ የተሳሳተችውን፣ ያደግሁባትን ነበር።

አንድ ምሽት እንዲሁ እየሰማሁ መብራቱ ድርግም አለ። ደንግጬ ስነሳ የማዳመጫው ገመድ ከላፕቶፑ ተነቀለ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ስለነበር የዘፈኑ ድምፅ ቤቱን ሞላው። በጨለማው ውስጥ የእናቴ ድምፅ፣ የድሮው፣ ሙሉው፣ ከእኔ ጎን ያዜማል። ከማድ ቤት በኩል ግን ምንም የለም። ደርቄ ቆምኩ። ወደቀች እንዴ? «እማዬ?» አልኩ። ዘፈኑ ብቻ መለሰልኝ።

ከዚያ በዘፈኑ ሥር አንድ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ሌላም ነገር ነበረበት፤ ሻካራ፣ ቀጭን፣ ከሁለቱም ቅጂ አንዱንም የማይመስል።

እንዲሰማኝ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

«... ለሁ» አለች ከጨለማው ውስጥ። ትንፋሽ ወሰደች። «አትፍሪ።»